አንድ ሙግት፣ አራት አወቃቀር፦ ጥናታዊ ጽሑፋችሁን በየትኛው ትገነቡታላችሁ?

ሲኒየር ኤሴይ ወይም የማስተርስ ጽሑፍ ሊጽፍ የተቀመጠ ተማሪ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ርዕስ ነው። ርዕሱ ከጸደቀ በኋላ ግን ሌላ ጭንቀት ይመጣል፤ ከየት ልጀምር፣ ምኑን ከምኑ ላስቀድም? አማካሪው ባለ አምስት ምዕራፉን ተከተል ይለዋል። ቀድሞት የተመረቀ ጓደኛው ታሪክ ከሆነ በዘመን ሂድ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ምክንያቶችህን ደርድር ይለዋል። ሦስቱም ምክሮች ለአንድ ዓይነት ጽሑፍ ትክክል ናቸው፤ ያለ ቦታቸው ሲገቡ ግን የወራት ድካም ያበላሻሉ። አራት የተለመዱ አወቃቀሮችን እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጬ ላነጻጽር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። እኛ ዘንድ “ቴሲስ” ሲባል የሚታሰበው ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ጥራዝ ነው። እዚህ የማወራው ግን ጥራዙ ስለቆመበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጸሐፊው “ነገሩ እንዲህ ነው” ብሎ የሚሟገትለት ፍርድ። ዋና ሙግት እለዋለሁ። አወቃቀር የሚመረጠው ለዚህ ዓረፍተ ነገር እንጂ ለርዕሱ አይደለም። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሙግት ሳይኖራቸው ማውጫ ያወጣሉ፣ ከዚያ ማውጫውን ለመሙላት ይጽፋሉ።

ሁሉንም የምንፈትንበት ምሳሌ

ማነጻጸሪያችን እንዲጨበጥ አንድ ርዕስ ይዘን እንሂድ፤ የውጫሌ ውል።

ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። በኢጣልያ በኩል የተደራደረው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበር። የአንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ይላል። የኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም ተስማምተዋል የሚል ነው፤ ሮም ይህን እንደ ግዴታ ቆጠረችው። አንቀጽ 19 ደግሞ ሁለቱም ቅጂዎች እኩል የጸኑ ናቸው ይላል። ኢጣልያ በጥቅምት 1882 የራሷን ንባብ ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በመስከረም 1883 የቃሉን ልዩነት ጠቅሰው ለኢጣልያው ንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ፣ በ1885 ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ጦርነቱ ሆነ።

“የውጫሌ ውል” ርዕስ ነው። “የአንቀጽ 17ን ጠብ ምን አመጣው?” ጥያቄ ነው። ሙግት የሚሆነው እንዲህ ስንል ነው፦ *ጠቡን ያመጣው በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ያለው የቃል ልዩነት ሳይሆን፣ ኢጣልያ የራሷን ቅጂ ብቻ ይዛ ለአውሮፓ ማስታወቋ ነው።*

ይህ ዓረፍተ ነገር ሙግት የሆነው “የለም፣ አይደለም” የሚል አስተዋይ ሰው ሊነሣበት ስለሚችል ነው። በእርግጥም ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰንና ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1966 በዚሁ አንቀጽ ጉዳይ፣ በተለይ አንቶኔሊ ሆን ብሎ አታሏል ወይስ አላታለለም በሚለው፣ በጥናት መጽሔት ላይ ተሟግተውበታል። “የውጫሌ ውል በኢትዮጵያ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው” ብትሉ ግን ማንም አይቃወማችሁም። የማይቃወሙትን ነገር ደግሞ 30 ገጽ ጽፎ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሙግታችሁን ስትጽፉ ሁለት የአማርኛ ልማዶችን ተጠንቀቁ። አንደኛው ግሱ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሦስት መስመር ከረዘመ ፍርዱ ከአምስት “ሲሆን”ና ከአራት “በመሆኑም” በኋላ ይመጣል፤ አንባቢው እዚያ ሲደርስ ምን እንደተፈረደ ይጠፋዋል፣ አንዳንዴ ለጸሐፊውም ይጠፋዋል። ሙግቱን በሁለት መስመር ዝጉት። ሁለተኛው “ይታመናል”፣ “ይነገራል”፣ “ይታሰባል” የሚሉት ናቸው። ማን ነው የሚያምነው? ጸሐፊው ካመነ “ነው” ይበል፤ ሌላ ሰው ከሆነ ያመነው ስሙን ይጥቀስ። የተድበሰበሰ ግስ ያለበት ሙግት የትኛውም አወቃቀር አያድነውም።

መመዘኛዎቹ

አራቱን የምመዝነው በአምስት ነገር ነው። ሙግቱ ለአንባቢ መቼና የት ይታያል? ምን ዓይነት ማስረጃ ይስማማዋል፤ ሰነድ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ወይስ በመጠይቅ የተሰበሰበ ቁጥር? ንድፉ ስንት ቀን ይፈጃል? በመሃል ሙግቱ ቢቀየር፣ ብዙ ጊዜም ስለሚቀየር፣ ስንቱ ገጽ ይፈርሳል? በመጨረሻም የትምህርት ክፍሉ ይቀበለዋል ወይ? ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ለዲፌንስ የሚቀርብ ጽሑፍ በቅርጹ ብቻ ሊመለስ ይችላል።

1. ባለ አምስት ምዕራፍ

መግቢያ፣ ክለሳ ድርሳናት፣ የጥናቱ ዘዴ፣ የመረጃ ትንተና፣ ማጠቃለያና አስተያየት። በሥሩ የጥናቱ ዳራ፣ ዓላማ፣ ወሰን፣ ውስንነት። በአገራችን የተማረ ሁሉ ይህን ቅርጽ በቃሉ ያውቀዋል።

ለቁጥርና ለመስክ ጥናት የተሠራ ነው፤ ለዚያም ጥሩ ነው። 120 ሰዎች መጠይቅ ሞልተውላችሁ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችን የክትትል ካርድ ቆጥራችሁ ከሆነ፣ አንባቢው ውጤቱን ከማመኑ በፊት እንዴት እንደሰበሰባችሁት ማወቅ አለበት። ቅርጹም ያንን በቦታው ያስቀምጥለታል።

የውጫሌን ሙግት ብታስገቡበት ግን ችግሩ ወዲያው ይታያል። ክለሳ ድርሳናቱ የውሉን ታሪክ ይተርካል፣ ትንተናው ያንኑ ታሪክ ደግሞ ይተርካል። የጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ “ሰነዶችን አነበብኩ” ከማለት የዘለለ ነገር ስለሌለው ከመማሪያ መጽሐፍ በተቀዳ ትርጓሜ ይሞላል። ሙግቱ ብቅ የሚለው ምዕራፍ 5 ላይ ነው። ኤግዛሚነሩ 60 ገጽ ካነበበ በኋላ ማለት ነው።

ቅርጹ ግዴታ ከሆነባችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። ሙግቱን ምዕራፍ 1 ውስጥ ከጥናቱ ዓላማ ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ምዕራፍ 4ን ደግሞ “የጥያቄ 3 ውጤት” በሚሉ ርዕሶች አትከፋፍሉት፤ እያንዳንዱ ንዑስ ርዕስ አንድ ፍርድ ይናገር።

2. በዘመን ቅደም ተከተል

እጃችን የሚሄደው ወደዚህ ነው። ከዜና መዋዕል ጀምሮ የለመድነው አተራረክ ስለሆነ ለመጻፍም ለማንበብም አይከብድም። አደጋው “ከዚያም” የሚለው ቃል የምክንያትን ቦታ መያዙ ነው። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መምጣቱ በእሱ ምክንያት መምጣቱን አያሳይም።

አንድ የማውቃት ተማሪ የ22 ገጽ ረቂቋን ይዛ መጣች። ርዕሷ የውጫሌ አልነበረም፣ የአንድ ከተማ ገበያ ታሪክ ነበር። አማካሪዋ “ሙግትሽ አይታየኝም” ብሏታል፤ እሷ ደግሞ ሙግቷን ደጋግማ እንደጻፈች እርግጠኛ ናት። የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጮክ ብላ እንድታነብ ጠየቅኋት። የመጀመሪያው “በ1928 ዓ.ም.” ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው “በ1933”፣ ሦስተኛው “ከነጻነት በኋላ”። አሥረኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመችና እርሳሷን አነሣች። ከ41 አንቀጾች 33ቱ በዓመት ወይም በ“ከዚያም” የጀመሩ ነበሩ። ሙግቷ ገጽ 19 ላይ፣ በአንድ አንቀጽ መሃል፣ “በአጠቃላይ” ከሚል ቃል በኋላ ተቀምጧል። የሠራችው ምርምር ጥሩ ነበር። ቁጭ ብላ ያንን ዓረፍተ ነገር ወደ ገጽ 2 አመጣችውና ከ22ቱ ገጽ ስምንቱን ጣለች፤ ምንም አልጎደለባትም።

ይህን ፈተና በማንኛውም ረቂቅ ላይ ሞክሩት፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

በዘመን መሄድ የሚገባው ሙግቱ ራሱ ስለ ለውጥ ወይም ስለ ቅደም ተከተል ሲሆን ነው። የአንድ ተቋም አመሠራረት፣ የአንድ ሰው ሕይወት፣ የአንድ ሕግ ከረቂቅ እስከ አዋጅ ጉዞ። ያኔም ቢሆን ክፍሎቹን “ከ1881 እስከ 1883” ብላችሁ አትሰይሟቸው። “ልዩነቱ ሳይነሣ የቆየባቸው ወራት” ብትሉት ዘመኑም ፍርዱም በአንድ ርዕስ ይያዛሉ።

3. በምክንያት የተከፋፈለ

እዚህ እያንዳንዱ ክፍል “ለምን?” ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ ነው። ሙግቱ መግቢያው ላይ ይቆማል፣ ክፍሎቹ ይሸከሙታል።

የውጫሌ ሙግታችን በዚህ አወቃቀር ሦስት ክፍል ይኖረዋል። አንድ፦ ሁለቱ ቅጂዎች ከሚያዝያ 1881 ጀምሮ ጎን ለጎን ነበሩ፤ ልዩነቱ በተፈረመበት ቀን ጠብ አላስነሣም። ሁለት፦ የጥቅምት 1882 ማስታወቂያ፣ የበርሊንን ጉባኤ ስምምነት አንቀጽ 34 (በአፍሪካ ሞግዚትነት የያዘ መንግሥት ለሌሎቹ ያስታውቅ የሚለውን) መሠረት በማድረግ፣ በሁለት መንግሥታት መካከል የነበረን ቃል የአውሮፓ መንግሥታት ሁሉ የሚያውቁት የበላይነት ጥያቄ አደረገው። ሦስት፦ ምኒልክ በቀጥታ ለጻፏቸው ደብዳቤዎች ከአውሮፓ የመጣው መልስ በኢጣልያ በኩል ተላላኩ የሚል መንፈስ ነበረው፤ ምኒልክ የተቆጡትም ከዚህ በኋላ ነው።

ልብ በሉ፣ ሦስቱ ክፍሎች በዘመን ቅደም ተከተልም ናቸው። ልዩነቱ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ለማረጋገጥ መቆማቸው ነው። ሁለተኛውን ብታወጡት ሙግቱ ይወድቃል። አንድን ክፍል አውጥታችሁ ሙግቱ ምንም ካልሆነ፣ ያ ክፍል መጀመሪያውኑ ቦታ አልነበረውም።

ለአጭር ጊዜና ለአጭር ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሙግቱ ቢቀየርም የሚፈርሰው አንድ ክፍል እንጂ ሙሉው አይደለም። ድክመቱ አንድ ወገን ብቻ የሚሰማበት መሆኑ ነው፤ ጎበዝ አንባቢ “ሌላው ወገን ምን ይላል?” እያለ ይጨርሰዋል።

4. በላ ልበልሃ

አራተኛውን በዚህ ስም የምጠራው ከእኛ የድሮ ችሎት የተሻለ ምሳሌ ስለማላገኝለት ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ብቻውን አይናገርም፤ ባላጋራው ፊቱ ቆሞ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል። ነገርን ከባላጋራ ፊት ተናግሮ መርታት ብቻውን ሲሆኑ ከመናገር ሌላ ችሎታ ይጠይቃል። ጥናታዊ ጽሑፍም በዚህ መንገድ ሲዋቀር የተቃዋሚውን ጠንካራ ነጥብ አስቀድሞ፣ በሐቅ፣ ተቃዋሚው ራሱ “አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው” በሚልበት አኳኋን ያቀርባል፤ ከዚያ ይመልሳል።

በምሳሌያችን ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ “የቃል ልዩነቱ ባይኖር ማስታወቂያው ምን ጉዳት ነበረው? ሥሩ ቃሉ ነው፣ ማስታወቂያው ቅርንጫፍ ነው።” ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ሙግቱን ራሱን እንድናስተካክል ያስገድደናል፤ ልዩነቱ ጠቡን የሚቻል አደረገው፣ እውን ያደረገው ግን ማስታወቂያው ነው ወደሚል ጠበብ ያለ ፍርድ። መልሱ አንቀጽ 19ን ይጠራል፦ ሁለቱ ቅጂዎች እኩል ከሆኑ አንዱን ብቻ ይዞ ለዓለም ማስታወቅ ምርጫ ነው፤ ምርጫው ደግሞ የሮም ነበር። ሙግቱ ከተቃውሞው በፊት ከነበረው አሁን ጠንክሯል። የዚህ አወቃቀር ትልቁ ዋጋ ይኸው ነው፤ እየጻፉ ማሰብን ግድ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መሳሳት አለ። የትርጓሜ ሊቃውንት “አንድም… አንድም…” እያሉ ብዙ ፍቺ ጎን ለጎን ያኖራሉ፤ ለዚያ ሥራ ትክክለኛው መንገድ ነው፣ የምስጢሩን ስፋት ያሳያል። ተማሪ ግን “አንዳንድ ምሁራን እንዲህ ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ እንዲህ ይላሉ” ብሎ ሲያቆም ፍርድ ሳይሰጥ ችሎቱን በተነ ማለት ነው። ሁለቱን ወገን ካቀረባችሁ በኋላ የቱን እንደያዛችሁና ለምን እንደያዛችሁት ጻፉ።

ከአራቱ የሚከብደው ይህ ነው። የተቃዋሚውን ጽሑፍ በሚገባ ማንበብ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል። ደካማ ተቃዋሚ ፈጥሮ መርታትም ያጓጓል፤ አንባቢ ያንን ወዲያው ያውቃል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መመዘኛ | ባለ አምስት ምዕራፍ | በዘመን | በምክንያት | በላ ልበልሃ |
|---|---|---|---|---|
| ሙግቱ የሚታይበት | ካልተጠነቀቁ መጨረሻ ላይ | ብዙ ጊዜ ይሸፈናል | ከመግቢያው ጀምሮ | ከመግቢያው፣ በየመልሱም እየጠራ |
| የሚስማማው ማስረጃ | መጠይቅ፣ ልኬት፣ የመስክ መረጃ | የሰነድና የቃል ታሪክ | ሰነድ፣ ሕግ፣ ድርሰት፣ የተደባለቀ | ክርክር ያለበት ሰነድና ሐሳብ |
| ለንድፍ የሚፈጀው | ግማሽ ቀን፣ ቅርጹ ስላለ | አንድ ቀን | ከአንድ እስከ ሦስት ቀን | ከሳምንት በላይ፣ ከንባቡ ጋር |
| ሙግቱ ቢቀየር | ምዕራፍ 1፣ 4 እና 5 ይነካሉ | ትረካው ይቆያል፣ ትርጉሙ ይጠፋል | አንድ ክፍል ይቀየራል | ተቃውሞውም መልሱም እንደገና ይጻፋል |
| የትምህርት ክፍል ተቀባይነት | ከፍተኛ | በታሪክ ክፍል ጥሩ | ለተርም ፔፐር ጥሩ፣ ለማስተርስ ይጠየቅ | አማካሪውን አስቀድሞ ማናገር ይሻላል |
| ዋና አደጋው | መደጋገም | “ከዚያም” ምክንያት መምሰሉ | አንድ ወገን ብቻ መስማት | ደካማ ተቃዋሚ መፍጠር |

ንድፉን በምን እናውጣው?

ይህ ከአወቃቀሩ ያነሰ ጉዳይ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። ሙግታችሁ ጠርቶ ከሆነ ዝርዝር ንድፍ በቁጥር አውጡ፤ ርዕሶቹ ግን ሐረግ ሳይሆኑ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁኑ። ሙግቱ ገና ካልጠራ የወረቀት ቁራጭ ይሻላል፤ በአንድ ወገኑ የተጻፈበትን ወረቀት ቆራርጣችሁ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ማስረጃና የተገኘበትን ገጽ ጻፉ፣ ወለል ላይ ዘርግታችሁ የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርጉ። ክምሮቹ ክፍሎቻችሁ ናቸው። የትም ክምር ውስጥ የማይገባው ቁራጭ፣ የቱንም ያህል ብትደክሙበት፣ ለሌላ ጽሑፍ ይቀመጥ። ረቂቅ አስቀድሞ ጽፎ ኋላ ንድፍ ማውጣትም ይቻላል፤ ለዚህ ከላይ ያልኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ፈተና ይበቃል። ይህኛው ግን ጊዜ ላለው ሰው ነው፣ ግማሹን መጣል ስለሚኖር።

ለማን የትኛው?

ሦስት ቀን ቀርቷችሁ የስምንት ገጽ ተርም ፔፐር ከሆነ፣ በምክንያት ክፈሉት። ሦስት ምክንያት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ገጽ። አራተኛ ምክንያት አትፈልጉ። ጊዜ ከተረፋችሁ ከመዝጊያው በፊት አንድ ተቃውሞ አንሥታችሁ በግማሽ ገጽ መልሱ።

የትምህርት ክፍሉ ባለ አምስት ምዕራፉን ግዴታ ካደረገና ማስረጃችሁ ሰነድ ከሆነ፣ ከቅርጹ ጋር አትጣሉ። ምዕራፍ 4ን በምክንያት አዋቅሩ፣ ክለሳ ድርሳናቱን ደግሞ የተቃዋሚዎቻችሁ ችሎት አድርጉት፤ ማን ምን እንዳለና የቱ ጥያቄ ሳይመለስ እንደቀረ የሚታይበት። ከውጭ ሲታይ ባለ አምስት ምዕራፍ ነው፣ ውስጡ ግን ይሟገታል። ለአብዛኛው የማስተርስ ተማሪ የምመክረው ይህንን ነው።

የሕግ፣ የፖለቲካ ሳይንስ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆናችሁ ወር ከመንፈቅ ካላችሁ በላ ልበልሃን ሞክሩ። ዋናው ወጪው ንባብ ነው።

መረጃችሁ ከአዛውንቶች የተቀዳ የቃል ታሪክ ከሆነ በዘመን ሂዱ፤ የተናጋሪዎቹን ቅደም ተከተል መበጣጠስ ቃላቸውን ያዛባል። እያንዳንዱን ዘመን ግን በፍርድ ሰይሙት።

አሜሪካ ኮሌጅ የምትማሩ ከሆነ የጽሑፍ ኮርስ መምህራን በአብዛኛው ሙግቱን በመግቢያው መጨረሻ ላይ በግልጽ ይፈልጉታል፤ በምክንያት የተከፋፈለው ለዚያ ይመቻል። በታሪክ ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ ነጥቡ መድረስ በእኛ አነጋገር ጨዋነት ቢሆንም እዚያ ነጥብ ያስቀንሳል።

በእንግሊዝኛ ለምትጽፉ፣ እዚህም እዚያም፣ ንድፉን በአማርኛ አውጡ። ሙግቱን ቡና ላይ ለተቀመጠች እኅታችሁ በአንድ ትንፋሽ መንገር ካቃታችሁ፣ ያልጠራው ሐሳቡ ነው እንጂ እንግሊዝኛው አይደለም። እሷ “እና ምን ይሁን?” ካለች ገና ርዕስ ላይ ናችሁ። “እንዴት ሆኖ?” ካለች ግን ሙግት አግኝታችኋል፤ የምትጠይቃችሁን ቅደም ተከተል ጻፉት፣ የክፍሎቻችሁ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ እሱ ይሆናል።

አማካሪያችሁ ዘንድ ስትሄዱ 25 ገጽ ረቂቅ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ከላይ ሙግቱ፣ ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ክፍሎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በእያንዳንዱ ሥር ዋናው ማስረጃ ከነገጹ፣ ከታች በጣም የሚያሰጋችሁ ተቃውሞ። አማካሪ ሥራ ይበዛበታል፤ 25 ገጽ ወር ሊያስቀምጥ ይችላል፣ አንድ ገጽ ግን እዚያው ቆማችሁ ያነበዋል።